የፊሎሜና ሐሙስ

«ፊሎሜና እንዴት ሆነች? ወገቧ ተሻላት?» አለች ኔላ፣ የሾርባውን ድስት በአንድ እጇ፣ ጭልፋውን በሌላው እንደያዘች።

ሎሬታ ዓይኗን ከሳህኑ አላነሳችም። «ደህና ናት። ሐኪሙ ትተኛ ብሏታል።»

«ወገቧን?» አለች የሎሬታ ልጅ ዳኒየላ። «ጉንፋን ነው አላልሽኝም?»

«ጉንፋኑ ወገቧ ላይ ወርዶባት ነው።»

እንዲህ ያለ በሽታ በደቡብ ፊላደልፊያ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም። ኔላ ግን ከንፈሯን መጠጠችና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች።

የኔላ ምግብ ቤት ከአንድ ሰፊ ሳሎን አይበልጥም። ምረጡ ብሎ ነገር የለም፤ እሷ ያን ቀን ያበሰለችውን ሁሉም እኩል ይበላል፣ ወይኑን እያንዳንዱ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። አዲስ ሰው ቦታ ቢጠይቅ ዓመትም ይጠብቃል፤ ምሽቶቹ ባለቤት አላቸውና። የወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ የሎሬታ እናት ድርሻ ነበር። እናትየው ሲሞቱ ኔላ ማንንም ሳታማክር ለታላቂቱ ልጃቸው ለፊሎሜና ሰጠችው፤ ያስታመመቻቸው እሷ ነበረች። ፊሎሜናም አንድ ሐሙስ እንኳ ሎሬታን ሳትጠራ ቀርታ አታውቅም።

ዛሬ ግን የዳኒየላ እጮኛ ወላጆቹን ከኮኔቲከት ይዞ መጥቷል። አባትየው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ እናትየው ወይዘሮ ዊትኮም በዕድሜያቸው አንድ ቀን ጮኸው የሚያውቁ አይመስሉም። ፊሎሜና ደግሞ ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትጮህ የኖረች ሴት ናት። ስትስቅ ጠረጴዛ ትደበድባለች፤ ከሰው ጋር ገና ከመተዋወቋ ደመወዙን ትጠይቃለች፤ ዳቦዋን ከጎረቤቷ ሳህን መረቅ ውስጥ ትነክራለች። ሎሬታ ይህን ሁሉ አስባ እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ ለእህቷ ደወለችና «የኔላ ቤት ቧንቧ ፈንድቷል፣ የዚህ ሐሙስ ቀርቷል» አለቻት። ለኔላም ደወለችና «ፊሎሜና ታማለች፣ በጠረጴዛዬ እንግዶችሽን አብዪበት ብላኛለች» አለቻት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሎሬታ እውነት ግን እስኪያድር የሚጠብቅም አልመሰለ።

ጠረጴዛው ለስድስት ሰው ነው፤ የተቀመጡት አምስት ናቸው። ስድስተኛው ወንበር ላይ ሎሬታ ካፖርቷን ጣል አድርጋበታለች። ቦታ ጠፍቶ ነው ብላ ራሷን እንዳታታልል እንኳ ወንበሩ አጠገቧ ነው።

በዚያ ቤት አንዱ ሲያስነጥስ ከየጠረጴዛው «ይማርህ» ይሉታል። የፊሎሜና መታመምም ሾርባው ሳያልቅ ቤቱን አዳረሰ። ሰፈሩ ሁሉ አክስት የሚላቸው አሮጊቷ ቴሲ ከጎን ጠረጴዛ ዞሩ።

«ሎሬታ፣ እኔ እኮ ማክሰኞ ዕለት ከዓሣ ሻጩ ጋር ስትጣላ አይቻታለሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ነው የጀመራት፣ አክስቴ።»

«ዓሣ ሻጩ ነው የመታት በይኛ። ለማንኛውም እሑድ በቅዳሴ ስሟን አስጠራላታለሁ። እሷን ተኝታ ማየት አልወድም፤ ያስፈራል።»

ከማዶ ጠረጴዛ አንድ ሰው፣ ለወገብ ፍቱን ነው ብሎ፣ ራሱ የጠመቀውን ወይን ላከ። ሌላዋ ነገ ወጥ ሠርቼ እወስድላታለሁ አለች። ሎሬታ ለሁሉም «እግዚአብሔር ይስጥልን» እያለች ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላ። ይባስ ብሎ ኔላ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ባሏን ጠራችው።

«ሳል፣ የፊሎሜናን ድርሻ ቋጥርና ሳይበርድ አድርሰህላት ና። ቤቷ እዚሁ መንገዱ ጥግ ላይ አይደል?»

«ሳል አይልፋ» አለች ሎሬታ። «እኔ እወስድላታለሁ።»

«እንግዳ አስቀምጠሽ?»

«እህቴ አይደለች እንዴ?»

ቤቱ ሁሉ በዚች ቃል ልቡ ተነካ። አክስት ቴሲ «እህት ማለት እንዲህ ናት» ብለው ለጠረጴዛቸው ሰዎች አሳዩአት። ወይዘሮ ዊትኮም ደግሞ ጎንበስ ብለው የሎሬታን እጅ ያዝ አደረጉ።

«እኔና እህቴ ከተነጋገርን ብዙ ዘመናችን ነው» አሉ በቀስታ። «የእናንተን ሳይ ቀናሁ።»

ሎሬታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቢሰድቧት ትችለው ነበር፤ ምስጋናውን ግን አልቻለችውም። ባሏ ጥሏት የሄደ ጊዜ እሷ ማታ ማታ ተምራ ነርስ የሆነችው፣ ዳኒየላን ፊሎሜና ታቅፋላት ነው። እንግዲህ ያፈረችው በዚህች ሴት ነበር። አሁን በራሷ አፈረች፤ እፍረቱ ከጆሮዋ እስከ እግሯ አቃጠላት።

ሳል ቋጠሮውን አምጥቶ ዘረጋላት። ብድግ አለች እንጂ አልተቀበለችውም።

«አልታመመችም» አለች።

«ማን?» አለ ሳል።

«ፊሎሜና። ጉንፋንም ወገብም የለባትም። ቤቱ ዝግ ነው ብዬ የዋሸኋት እኔ ነኝ። እነዚህ እንግዶቼ እንዳያዩአት ብዬ።»

ዳኒየላ እናቷን እንደማታውቃት ሰው አየቻት። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውሉ ጀመር። ሎሬታ ዓይኗን የምታሳርፍበት ቦታ አጣች።

ኔላ ጭልፋዋን እንደያዘች ትክ ብላ አየቻት። «እኔ ሰው ሁሉ ተሟልቶ ሳይቀመጥ ፓስታ ውሃ ውስጥ እንደማልጨምር ታውቂያለሽ» አለች በመጨረሻ። «ይሄ ሁሉ ሰው እርቦታል። ምን ይገትርሻል?»

ሎሬታ ካፖርቷን ሳትለብስ ወጣች።

ፊሎሜና በሩን የከፈተችው አበባ አበባ ያለበትን የቤት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በቢጉዲን ጠቅልላ፣ የሟች ባሏን ሰፊ ነጠላ ጫማ ተጫምታ ነው።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ቧንቧው ተሠራ?»

«ቧንቧው አልፈነዳም፣ ፊል። የዳኒየላን አማቾች በጠረጴዛሽ እያበላሁ ነው። አፍሬብሽ ነው የዋሸሁሽ።»

ፊሎሜና ቀሚሷን አየች፤ ጫማዋን አየች።

«እማዬ ብትኖር በጥፊ ነበር የምትልሽ።»

«አውቃለሁ። ሁሉም ሰው አንቺን እየጠበቀ ነው።»

«እንግዶቹም?»

«እነሱም።»

ፊሎሜና እጇን ወደ ቢጉዲኑ ላከች። «እንግዲያው ልብሴን ቀይሬ ልምጣ» አለች። «ሰማያዊዋ ትሻላለች? አንቺ ንገሪኝ፣ የትኛዋ ነች የማታሳፍርሽ?» ሎሬታ እህቷ እንዲህ ቀስ ብላ ስትናገር ሰምታት አታውቅም።

«አትቀይሪ» አለችና ክንዷን ያዘቻት። «እንዳለሽ ነይ።»