የቲቸር ጎበዜ እንስራ

«ይሄን እንስራ አንሱትና ካስማው እዚህ ይመታ» አለ ወንድምአገኝ። የእድሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ እንጂ አንዱም እጁን አልዘረጋም።

ጎበዜ በተቀበረ ማግስት ነው። የመጀመሪያው ድንኳን ለቅሶኛውን አልችል ቢል ሁለተኛ ሊተከል ነበር። ወንድምአገኝ የእህቱ ባል ማረፉን ሰምቶ ከደብረ ብርሃን ሲበር የመጣ ሰው ነው፤ ጭሮንም እንስራውንም አያውቅም። እምቢ ሲሉት ራሱ አነሳው። ባዶ ነበር። አጥሩ ጥግ ወስዶ አፉን ወደ መሬት ደፋው፤ ካስማውም ተመታ።

የጎበዜ ሚስት ዓለምሸት ፍራሹ ላይ ሆና አየችው። ከዚያ እንስራ ጋር የቆየ ጠብ ነበራትና፣ ሲደፋ ቅር ያላትም አልመሰላት።

ወንድሟ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ሠልስቱ ይውጣና አብረን እንሄዳለን። ቤት አለ፣ ልጆቼ አሉ። እዚህ ማን አለሽ?»

አሰበች። ልጅ አልወለዱም። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ከበሩ እስከ ጓሮው ያለው ሁሉ ጎበዜ ነበር፣ ጎበዜ ደግሞ የለም።

«እሺ» አለችው።

ከሰዓት በኋላ የጎበዜ የድሮ ተማሪ ሙሜ ከሂርና ከተማ መጣ። ጫት ነጋዴ ነው፤ ስልኩ ከጆሮው ተነጥሎ አያውቅም። የዛን ቀን ግን አጥፍቶ ኪሱ ከቶታል።

«አዴ ዓለምሸት፣ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» ብሎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ፈርዶሳ ከቡና ገለባ አፍልታ በፔርሙዝ ያመጣችውን ሆጃ ከነወተቱ ቀዳችለት። እሷም የጎበዜ ተማሪ ነበረች፤ ዛሬ እሱ ባስተማረበት ክፍል እንግሊዝኛ የምታስተምረው እሷ ናት።

ወንድምአገኝ ጨዋታ ፈልጎ «እንግሊዝኛውን ያወቃችሁት በሱ ነው አሉ» ቢል፣ ሙሜ ስኒውን አስቀመጠ።

«እንግሊዝኛውንማ ረስቼዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነን። ቲቸር፣ ድሮ ተጀምሮ እስከ ዛሬ ያልቆመ ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር ያስተምረናል። ፕረዘንት ፐርፌክት። ‹ይህን ያህል ጊዜ› ስትሉ ፎር፣ ‹ከዚያን ጊዜ ጀምሮ› ስትሉ ሲንስ። ምሳሌ አምጡ አለን። እኔ ዘለልኩና ‹ለአምስት ዓመት እግር ኳስ ስጫወት ቆይቻለሁ› አልኩ፣ በእንግሊዝኛ። ወላሂ ልክ ነበር!»

«ታዲያስ?»

«‹ሙሜ፣ ኳስ የት ነው የምትጫወተው?› አለኝ። ‹መጽሐፉ ላይ፣ ቲቸር› አልኩት።»

ድንኳኑ ሳቀ። የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ሰዎቹ አፋቸውን በነጠላና በሻርፕ ሸፈኑ። ዓለምሸትም ፈገግ አለች።

«እሱ ግን አልሳቀም። ‹ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ነገሩ ውሸት ነው። እኔ ውሸት አላርምም። ሂዱና አንድ ነገር ጀምሩ፣ ሳታቋርጡ አቆዩት፣ ዓመቱ ሲያልቅ ስለሱ ትጽፉልኛላችሁ› አለን። ጎረቤታችን ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ነበሩ። በየጁምዓው መስጊድ አደርሳቸው ጀመር። ለማርክ ነው፣ ምን ልዋሽ። ዓመቱ አለቀ፣ ማርኬን አገኘሁ፣ ተገላገልኩ ብዬ ቤት ቁጭ አልኩ። በመስኮት ሳይ ሽማግሌው ታጥበው፣ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።»

ስኒውን አንስቶ ፉት አለ።

«ወጣሁ፣ ምን አደርጋለሁ? እሳቸው አሁን ወደ አኼራ ሄደዋል። ሂርናም ገብቼ ሌላ የማያዩ ሽማግሌ አገኘሁ። ሚስቴ ‹ዛሬም ማርክ ይሰጡሃል እንዴ?› ትለኛለች።»

«እኔ እናቴን ማንበብ ማስተማር ነበር የጀመርኩት» አለች ፈርዶሳ። «ምነው በቀረብኝ! አሁን ስልኬ ላይ የሚገባውን ሁሉ ታነባለች።»

እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ተቀበለው። አንዷ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለችውን ዛፍ ዛሬም ታጠጣለች፤ አንዱ ከወንድሙ ጋር ታርቆ ኩርፊያ እንዳቆመ ነው። ወንድምአገኝ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲያይ ሆጃው እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

«እሱስ? እሱ ምን ጀመረ?»

ሁሉም አጥሩ ጥግ ወደተደፋው እንስራ ዞር አሉ።

ዓለምሸት ያን ቀን ታስታውሰዋለች። እሷ ከጤና ጣቢያው ሥራ ወጥታ ስትገባ ጎበዜ አንገቱን ደፍቶ አገኘችው።

«ልጆቹ ያዙኝ» አላት። «ያ ሙሜ የሚሉት ‹ቲቸርስ ምን ጀምሯል?› አለኝ። የምለው አጣሁ።»

«እኔን አግብተህ የለም እንዴ? ከዚያ በላይ ምን ምሳሌ ትፈልጋለህ?»

«እሱንማ ለራሴ ነው የምጽፈው» አላት፤ ሳቁም መጣ።

በማግስቱ እንስራ ገዝቶ በሩ ላይ ተከለ። ከደጋው ወደ ጭሮ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች በዚያ ነው የሚያልፉት፤ ጀርባቸው ላይ ጫት፣ ሽንኩርት፣ እንጨት። በየጠዋቱ ከቦኖ ቀድቶ ይሞላዋል። የመጀመሪያውን ጣሳ ራሱ ይጠጣል፤ እኔ ያልጠጣሁትን ለሰው አልሰጥም ባይ ነው። ከዚያ ጣሳውን ክዳኑ ላይ ደፍቶ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ ሆኖ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ እሱም ይሰለፋል። እንስራው ተሰብሮ ያውቃል፤ ሌላ ይገዛል። ራሱ ገላውን ሳይታጠብ የሰነበተበት ጊዜ አለ፤ እንስራው ግን ጎድሎ አያውቅም።

ጠቡ የመጣው ዝውውር የተገኘ ጊዜ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ ሀገሯ። እሷ በደስታ ዕቃ ማሰር ጀምራለች።

«እንስራውንስ ማን ይሞላዋል?» አለ ጎበዜ።

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም።

«ያገባኸው እኔን ነው እንስራውን?»

«ዓለሜ፣ እነዚያ ሴቶች ውሃ ይዘው መውጣት ትተዋል እኮ። ‹እዚያ በር ላይ አለ› ብለው ነው ባዷቸውን የሚነሱት። ምን ልበላቸው?»

ቀረ። እሷም ከሱ ጋር ቀረች። ጠዋት ጠዋት ጣሳው ሲንኳኳ በሰማች ቁጥር ግን ትበሳጭ ነበር። ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የሠልስቱ ዕለት ገበያ ዋለ። ዓለምሸት ከድንኳኑ አፍ ሆና መንገዱን ታያለች። አንዲት ጫት የተሸከመች ሴት መጣችና እንደ ልማዷ እንስራው ወደነበረበት እጇን ሰደደች። እጇ ካስማ ነካ። ግራ ተጋብታ ቀና አለች። ድንኳኑን አየች፤ ጥቁር የለበሱትን አየች። ሸክሟን አውርዳ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች፤ እንስራውን አቃናችው፤ አፉ ላይ የተጣበቀውን አፈር በሻርፗ ጫፍ ዙሪያውን ጠረገችለት። ከዚያ ጫቷን መልሳ ተሸክማ፣ እንደተጠማች፣ ቁልቁል ወረደች።

ከኋላዋ ፈርዶሳ ለሙሜ ስታንሾካሹክ ዓለምሸት ሰማች።

«ሰኞ ያንኑ ትምህርት ነው የማስተምረው። መጽሐፍ ሳልገልጥ በፊት ልጆቹን ወደዚህ በር ነበር የማመጣቸው። ‹ቲቸር ጎበዜ እኔ ልጅ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ መንገደኛ ያጠጣሉ› አስብላቸዋለሁ፣ በሲንስ። አሁን አልቋል ልበላቸው?»

«እኔ እሞላዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«አንተ ሂርና ነህ።»

«ሰው እቀጥራለሁ።»

«ሙሜ! ይሄ ተቀጥሮ ነው?»

«እሺ፣ እሺ፣ አትቆጪ። ደግሞስ በሩ የአዴ ዓለምሸት ነው። ነገ ትሄዳለች አሉ። እሷ ሳትል ምን ብለን እንነካዋለን?»

ዓለምሸት አልዞረችም። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንስራውን ታያለች።

በማግስቱ ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲያፈርሱ ወንድምአገኝ የእህቱን ሻንጣ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ይነፋል። እህቱ ግን ቤት ውስጥ የለችም። ጓሮም የለችም።

ከቦኖው በኩል ስትመጣ አያት። ጥቁሯን እንደለበሰች ቢጫ ጀሪካን ጎትታ ትመጣለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል።

«እትዬ! መኪናው እኮ እየጠበቀን ነው!»

«ና ያዝልኝ፣ ከብዶኛል።»

ሻንጣውን ጥሎ ያዘላት። ካስማው ወደተነቀለበት ጉድጓድ አፈር መለሰች፣ በእግሯ ደለደለች፣ እንስራውን አምጥታ በቦታው አቆመች።

«ሾፌሩን ምን ልበለው?»

«ይሂድ በለው። አንተም ቁርስህን ሳትበላ አትሄድም።»

«አትመጪም ማለት ነው?»

«ለፋሲካ እመጣለሁ። ለጥቂት ቀን ሙሜ ይሞላልኛል።»

ወንድምአገኝ ጎንበስ ብሎ ጀሪካኑን አዘነበለላት። እንስራው ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ መጣ። ከደጋው በኩል ያለው መንገድ ላይ የሴቶች ድምፅ ይሰማል።

ዓለምሸት ጣሳውን ነከረች። በዚያ ጣሳ ጠጥታ አታውቅም ነበር። እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ ከዚያ አራግፋ ክዳኑ ላይ ደፋችው።