ማረጥና ማረፍ

ሁለቱ እህቶች የሙሽራ ልብስ የሚሰፉበትን ክፍል ከመንገዱ የሚለየው አንድ ሰፊ መስታወት ነው። ታላቅየዋን ሰው ሁሉ «እትዬ ሜትር» ይላታል፤ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፣ ለጸሎት ስትሄድ እንኳ ረስታው ትሄዳለች። ደንበኛ የምትቀበል፣ የምትለካ፣ የምትከራከር እሷ ናት። ታናሽየዋ ግን መስታወቱ አጠገብ ተቀምጣ የእጅ ሥራውን ትሠራለች፤ ዶቃ ትደረድራለች፣ ዳንቴል ትገጥማለች፣ ጠርዙን ዓይን በማያየው ክር ትዘጋለች። አንዲት ሙሽራ ተደንቃ «ይሄንን የሰፋው ሰው ነው?» ካለች፣ ታላቅየዋ «ሰው አይደለችም፣ እህቴ ናት» ትላታለች። ቀልዱ አርጅቷል። ኩራቱ ግን አላረጀም ነበር።

ነጭ ሳቲን ምሕረት የለሽ ጨርቅ ነው። አንዲት የውሃ ጠብታ ካረፈችበት ስትደርቅ ቀለበት ትታ ትሄዳለች፤ ያንን ቀለበት ካውያም ሳሙናም አይፈታውም። ስለዚህ ታናሽየዋ መርፌ ከማንሳቷ በፊት እጇን ትታጠባለች፣ ታደርቃለች፣ የሕፃን ፓውደር ትነሰንስበታለች። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላት ድረስ እጇ ከድታት አታውቅም።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ከደረቷ ይነሳል፤ አንገቷን ይዞ ወደ ፊቷ ይወጣል፤ ከዚያ ጸጉሯ ሥር ገብቶ በላብ ያጠምቃታል። መስኮት ትከፍታለች፤ ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ትንቀጠቀጥና ትዘጋለች። ክፍሉ ጥግ ላይ ቆማ ልብስ የምትተኩሰው ሴትዮ በዕድሜ እኩያዋ ናት፤ ቀልድ ካላወራች እጇ አይንቀሳቀስም።

«እኔ እሳት ይዤ ሳላልበኝ አንቺ መርፌ ይዘሽ ትቀልጫለሽ!» አለቻት አንድ ቀን። «ነይ ቦታ እንቀያየር፣ አንቺ በእጅሽ ብቻ ትተኩሺዋለሽ።»

ታናሽየዋ ሳቀች። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

እየቆየ ግን እንቅልፉም ተከተለ፤ ማለት ጥሏት ሄደ። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ትመጣለች። መቀሱን እጇ ላይ ይዛ መቀሱን ትፈልጋለች። ክር መርፌ ቀዳዳ አልገባ ሲላት እንባዋ ይመጣል። በመጨረሻ ወደ ሴቶች ሐኪም ሄደች፤ ከዚያ ስትመለስ ፊቷ ፈካ ብሎ፣ ትንሽ ካርቶን በቦርሳዋ ይዛ ነበር። ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቃ ታላቋ ፊት ቆመች።

ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። እናታቸው የሞተችው ታናሽየዋ ገና ልጅ ሳለች ነው፤ ያሳደገቻት ታላቅየዋ ናት። ትምህርት ስትገባ፣ ስታገባ፣ ባሏ ሲሞትና ማቋን ስታወልቅ፣ ታላቋ ሳትመርቃት ያደረገችው ነገር የለም። ሌላ ሰው ይህን ፍርሃት ሊለው ይችላል። እሷ ግን እንደ ጥላ ነበር የምትቆጥረው፤ ዝናብ ባይኖርም ተይዞ ይወጣል።

«እትዬ፣ መድኃኒት ተሰጥቶኛል» አለች። «ሰውነቴ ማምረት ያቆመውን ሆርሞን የሚተካ ነው። ሆዴ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ነው። ልጀምረው ብዬ ነበር። መርቂኝ።»

«ምን? ሆርሞን?» ታላቅየዋ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ ሳብ አደረገችው። «ዶሮ አርቢዎቹ ለጫጩት ይሰጡታል የሚባለውን? በዚህ ዕድሜሽ ቄብ ሊያደርጉሽ ነው?»

ተኳሿ ከካውያዋ ጀርባ ሳቀች።

«ሐኪሟ እኮ ዝም ብላ አይደለም የሰጠችኝ። በዘራችሁ የጡት ካንሰር አለ ወይ፣ ደም ረግቶብሽ ያውቃል ወይ፣ ጉበትሽስ ብላ ጠይቃ፣ መርምራኝ ነው። ለሁሉ ሰው አይሆንም፣ ላንቺ ግን ይሆናል፤ እየተመላለስሽ አይሻለሁ አለችኝ። ማህፀኔን የሚጠብቅ የሚዋጥ ኪኒንም ጨምራልኛለች።»

«አደጋ የለውም አለችሽ?»

«ትንሽ አለው አለች። አልደበቀችኝም።»

«ይኸው! በገዛ አፏ!»

ታናሽየዋ ካርቶኑን ከቦርሳዋ አውጥታ አገላበጠችው። ታላቅየዋ ያሸነፈች ስለመሰላት ድምጿን አለዘበች። ብዙ ጊዜ ሰው የሚጎዳው በዚህ በለዘበው ድምፅ ነው።

«ስሚኝ እህቴ። እኔም አልፌበታለሁ። መቼ መጥቶ መቼ እንደሄደ እንኳ ሳላውቀው ነው ያለፈው። ምንም አልሆንኩም። እናታችን ምን ነበር የምትለው? ማረጥ ማረፍ ነው። የወር ጣጣው ቀረልሽ፣ እግዚአብሔር አሳረፈሽ። እሱ የሰጠሽን ዕረፍት በፕላስተር ልትመልሺለት ነው?»

ታናሽየዋ አንድ ነገር ልትናገር ከንፈሯን ከፈት አድርጋ ነበር። መልሳ ገጠመችው። ካርቶኑን ወደ ቦርሳዋ ከተተች፣ እጇን ታጠበች፣ ፓውደሯን ነሰነሰች፣ ተቀመጠች። ማታ ታላቅየዋ ስትጸልይ እህቷን ከክፉ ነገር እንዳተረፈቻት ቆጥራ አመሰገነች።

የዝናቡ ወራት እንዲሁ አለፈ። ታናሽየዋ መድኃኒቱን አልነካችም። ሌሊት እየተነሳች የትራስ ልብሷን ትቀይራለች፤ ቀን መርፌው ላይ ታንቀላፋለች። አንድ ጊዜ የግራውን እጅጌ በቀኙ ገጠመችው። ተኳሿ ልትቀልድ ብላ «ሙሽራዋ ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሄደው?» ስትላት፣ «አፍሽን ዝጊ!» ብላ ጮኸችባት። ከዚያ ራሷ ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀች። ታላቅየዋ ይህን ሁሉ ታያለች። ታያለች ግን «ያልፋል» ትላለች። በእሷ አልፎ የለ? የራሷን ገላ ሜትር አድርጋ የእህቷን ገላ ስትለካ እንደነበር ያኔ አልታያትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ለመጨረሻው ልክ መጣች። ልብሱ የታናሽየዋ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ደረቱ ላይ ያለው ዶቃ ብቻ ስንት ሳምንት ፈጅቷል። ሙሽራዋ ከፍ ያለው መድረክ ላይ ወጥታ ቆመች። ታናሽየዋ ወገቧ ላይ ያለውን ስፒል ልትነቅል ስታጎነብስ ሙቀቱ መጣ። ቀና ልትል ፈለገች፤ ስፒሎቹ አፏ ውስጥ ነበሩ፣ አንድ እጇ ጨርቁን ይዟል። የአንገቷ ደም ሥር ሲመታ ከሩቅ ይታይ ነበር። ከግንባሯ አንድ ጠብታ ወርዶ ሳቲኑ ላይ አረፈ። ደነገጠችና በእጅጌዋ ጠረግ አደረገችው። ሲጠረግ ሰፋ፤ ሁለተኛው ጠብታ ተከተለው።

«ውይ!» አለች ሙሽራዋ።

«ምን ጉድ ነው ይሄ?» እናትየዋ ተነስታ መጣች። «እትዬ ሜትር፣ ኧረ ይዩልኝ! ይህቺ ሴትዮ ታማለች እንዴ? የሚተላለፍ ነገር እንዳይሆን!»

ታላቅየዋ ደንበኛ ስትቆጣ መልሷ ቀድሞ የሚወጣ ሴት ነች። ሳታስበው፣ ፈገግ ብላ፣ እህቷን በእጇ ወደ ጎን እየገፋች፣

«አይ አይ፣ ምንም አይደለም የኔ እመቤት፣ ይቅርታ ያድርጉላት። አርጣ ነው» አለች።

ሙሽራዋ አፏን በእጇ ያዘች፤ ሳቋን ይሁን እፍረቷን እንጃ። ታናሽየዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። አልቸኮለችም። ከዚያ ወደ ታላቋ ዞረች፤ ድምጿ ከፍ አላለም።

«እትዬ፣ ማረጥ ማረፍ ነው ብለሽኝ አልነበር? ዕረፍት ከሆነ ይቅርታው ለምንድን ነው?»

ሻርፗን አነሳችና ወጣች። በመስታወቱ ውስጥ መንገዱን ስትሻገር የቀሩት ሴቶች ሁሉ አዩዋት።

ያ ልብስ ፊቱ ተፈቶ በአዲስ ጨርቅ ተሠራ፤ ዶቃውን ግን እንደ መጀመሪያው የሚደረድር እጅ አልተገኘም። ታላቅየዋ መጀመሪያ ተቆጣች፤ «እኔን ሰው ፊት!» አለች። ቀጥሎ ጠበቀች። ታናሽየዋ አልመጣችም። የተላከው ሰው ሁሉ «ደህና ናት፣ ሰላም በሏት ብላለች» እያለ ይመለሳል። ሰላምታው ሰላም ነበረው፤ ስድብ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ለተኳሿ አማረረች። «ምን አልኳት? ያለውን ነው የተናገርኩት። ያን ፕላስተር ብትለጥፍ ኖሮ ደግሞ ምን እንደሚያመጣባት ማን ያውቃል!»

ተኳሿ ካውያዋን አቆመችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ እለጥፋለሁ።»

«ምን?»

«ዓመት አልፎኛል። ያለዚያ እዚህ እሳት ፊት የምቆም ይመስልሻል? ያን ዕለት ቄብ ስትያት የሳቅሁት ሆዴ ላይ ለጥፌ ነው። ለአንዷ ላይስማማት ይችላል፤ እህቴን ሐኪሙ ላንቺ አይሆንም ብሎ ከልክሏታል፣ በሌላ ነገር እየታገዘች ነው። እኔን ግን አሳረፈኝ። ልነግራት ስል አንቺ እናታችሁን ጠራሽ፤ በሙት ቃል ላይ ምን ይባላል?» አንገቷን ሰበረች። «ዝም ማለቴ ይቆጨኛል።»

ታላቅየዋ ያን ዕለት ሱቁን በጊዜ ዘጋች።

የእህቷ ቤት ያረጀ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ጠባብ፣ በሩ አረንጓዴ ነው። ታናሽየዋ ራሷ ከፈተችላት። ሥጋ ጨምራለች። ዓይኗ ጠርቷል። የለበሰችው የሆስፒታል የሥራ ገዋን ነበር።

«ግቢ እትዬ፤ ምነው ደረጃው አደከመሽ?» ብላ ትራስ ደገፍ አደረገችላት፣ ውሃ ቀዳችላት። መድኃኒቱን ከጀመረች መቆየቷን ነገረቻት። ደረቷን ተመርምራለች፣ ሐኪሟን ታያለች። ሙቀቱ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ ይላል። ትተኛለች። ሆስፒታሉ ምድር ቤት አንሶላና የበሽተኛ ልብስ የሚሰፋበት ክፍል ውስጥ ሥራ ይዛለች።

«አንሶላ?» አለች ታላቅየዋ። «በዚህ እጅሽ አንሶላ?»

«ቀጥ ያለ ስፌት ነው። መኪናው ይሠራዋል፤ እኔ ጨርቁን እገፋለሁ።»

ታላቅየዋ ስትመጣ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እኔ እኮ የእናታችንን ቃል ነው ያልኩሽ። ከራሴ አላመጣሁም።»

ታናሽየዋ የውሃውን ብርጭቆ አስጠጋችላት። «ግማሹን ነው የሰማሽው» አለች።

«የምኑን ግማሽ?»

«አንቺ ማዶ ክፍል የስፌት መኪናው ላይ ነበርሽ። እኔ ከእሷ ጋር ነበር የምተኛው። አንሶላው በላብ ርሶ ትነሳና ብርዱ ውስጥ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች። አክስታችን ‹አርጠሽ ነው፣ ማረጥ ማረፍ ነው› ስትላት፣ እማዬ ‹ማረጥ ማረፍ ነው ይላሉ፤ ታዲያ ማረፉ የታለ?› ነበር የምትለው። ሁልጊዜ። እንደ ዘፈን ታወርደው ነበር።»

ታላቅየዋ የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰማችው። እግሯ መርገጫው ላይ፣ ጣቷ ጨርቁ ላይ፣ በግድግዳው በኩል የእናቷ ድምፅ፤ መኪናው ሲነሳ የተዋጠው የቃሉ ጅራት። ዕድሜዋን ሙሉ ምክር አድርጋ የያዘችው የእናቷ እሮሮ ነበር።

«ያን ዕለት ይሄንን ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንድትመርቂኝ እንጂ ልከራከርሽ አልመጣሁማ» አለች ታናሽየዋ።

ከታች የሆነ ሰው ደረጃውን እየወጣ ያፏጫል።

«ተመለሽ» አለች ታላቅየዋ በመጨረሻ። «ወንበርሽ ባዶ ነው። እንደ ፈለግሽ ለጥፊ፣ መስኮቱን ወለል አድርገሽ ክፈቺው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እግዚአብሔር ያለ አስመስዬ የራሴን ፍርሃት ነው የነገርኩሽ።»

ታናሽየዋ የታላቋን እጅ ይዛ መዳፏን አገላብጣ አየችው፤ ጨርቅ እንደምታይ።

«ተቀይሜሽ አይደለም። ይቅር ብዬሻለሁ፣ ከልቤ። ግን ነጭ ጨርቅ ሳይ ያቺ ሙሽራ አፏን ስትይዝ ነው የሚታየኝ። እጄ ደህና ነው እትዬ፤ ከፊታቸው መጎንበሱ ነው እንቢ ያለኝ። አንሶላ ላይ ማንም አያየኝም። የታመመ ሰው ይተኛበታል፣ በቃ።» የግድግዳውን ሰዓት አየችና ተነሳች። «የሥራ ተራዬ ደርሷል። በዕረፍት ቀኔ እመጣለሁ፤ እንደ እንግዳ።»

አብረው ደረጃውን ወረዱ። ታናሽየዋ ክንዷን ደግፋ ነበር ያወረደቻት።

በሳምንቱ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ሱቁ ገባች። በሰው ሰርግ ላይ ያየችውን ደረቱ በዶቃ የተሠራ ልብስ በስልኳ አሳየች። «እንደዚህ ነው የምንፈልገው። የሠራችው ሴት የት አለች?»

ተኳሿ ካውያዋን እንደያዘች ቀና አለች። «ታማ ነው» ማለት ቀላል ነበር። ደንበኛ የሚያቆየውም ይኸው ነው።

«የለችም» አለች ታላቅየዋ። «የሠራችው እህቴ ናት። አትመለስም፤ በእኔ አፍ ምክንያት ነው የሄደችው። እዚህ ይሄንን የሚሠራላችሁ እጅ የለም። ቀለል ያለ ልብስ ከፈለጋችሁ እሰፋላችኋለሁ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። አመስግነው ወጡ።

«ደንበኛ እንዲህ ይሸኛል?» አለች ተኳሿ፣ ለስለስ ብላ።

ታላቅየዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ አስተካከለች። አመሻሽ ላይ በሩን ቆልፋ እንደ ልማዷ ልትጸልይ ቆመች። እህቴን መልስልኝ ልትል ነበር። ቃሉን ግን አልጨረሰችውም፤ የራሷን ፈቃድ በእግዚአብሔር ስም የተናገረችው አንሶ ነበር? የእህቷን ስም ብቻ ጠራች። ከዚያ በላይ ምንም ሳትጨምር፣ መስማት እንደሚማር ሰው፣ ዝም ብላ ቆመች።