ሃቲ ከኋላ የተቀመጠችበት ቀን

እስቲ ቀረብ በሉ ልጆቼ። አንተም ከዳር የቆምከው ና፣ ቦታ አለ። የማወጋችሁ ስለ አንዲት ሴትና ስለ ባሏ ነው፤ አብረው በአንድ ታንኳ ስላሳለፉት አንድ ቀን። አገሩ ሩቅ ነው፤ በካናዳ ሰሜን፣ ክሪ የሚባሉት ሰዎች የሚኖሩበት፣ ሐይቁና ጥዱ ማለቂያ የሌለው አገር።

ሴትዮዋ ሃቲ ትባላለች፣ ባሏ ክላረንስ። ከተጋቡ አርባ አንድ ዓመታቸው ነው። ለዓሣውም ለዝይ አደኑም፣ ልጅ ታቅፈውም ሳይታቀፉም፣ ታንኳቸው ላይ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ነበሩ። ከፊት ያለው ይቀዝፋል፤ ከኋላ ያለው እየቀዘፈ መንገዱንም ይመራል። እንደ አልጋ ነው፤ ማን በየት በኩል እንደሚተኛ አንዴ ከተለመደ ማንም አያነሣውም።

ባለፈው የበረዶ ወራት ክላረንስን ስትሮክ መታው። ነፍሱ ተረፈች፣ አንደበቱም ተመለሰለት። ግራ እጁ ግን ይጨብጣል እንጂ መገልበጡን እምቢ አለ። ታንኳ የሚመራ ሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ቀዘፋ መጨረሻ መቅዘፊያውን ገልበጥ አድርጎ ውሃውን ወደ ውጭ ካልገፋ፣ ታንኳው ዞሮ የመጣበትን ያያል።

በሐምሌ ላይ የሰፈሩ ሰዎች በዘጠኝ ታንኳ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ለጉዞ ተነሡ። የሚሄዱት አያቶቻቸው ወደ ኖሩበት፣ ዛሬ ሰው ወደ ሌለበት አሮጌ መንደር ነው። በዱሩ መሃል የሰባት ቀን መንገድ። ክላረንስ የተወለደው እዚያ ነው። በሽታው ከለቀቀው ወዲህ፣ አንዴ ልርገጠው ይል ነበር፤ ከዚያ በላይ ቃል አይጨምርም። 

ጉዞውን የምትመራው የሃቲ የእህት ልጅ ጁልየት ነች። ደግ ልጅ ናት፣ ግን ቃሏ ቃል ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድሩት ድልድዩ አጠገብ እንደሆነ ነገረቻቸው። የመኪና መንገድ እዚያ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ስድስት ቀን መኪና የለም፣ ሐኪምም የለም። አጎቷ ይቀጥል ወይስ ይመለስ የሚለው እዚያው ድልድዩ ላይ ይወሰናል፤ ካልሆነ ወደ ቤት የሚመልሰው ፒክአፕ መኪና ቆሞ ይጠብቃል።

ጠዋት ሲነሡ ክላረንስ እንደልማዱ በቀጥታ ወደ ታንኳው የኋላ መቀመጫ ሄደ። አንድ እግሩን ካስገባ በኋላ ቆመ። እጁን አየው። ከዚያ እግሩን አውጥቶ፣ ዳር ዳሩን ዞሮ፣ ፊት ሄዶ ተቀመጠ። የቀረው አሥራ ስድስቱም ሰው ድንገት የሚያስረው ሻንጣ በዛበት፤ ቀና ብሎ ያየው አንድም ሰው አልነበረም።

ሃቲ ከኋላ ገባች። ያኔ ነው ጀርባውን ያየችው። አርባ አንድ ዓመት እሱ የሷን ጀርባ ሲያይ ኖሯል፤ እሷ ግን ባሏ ሲቀዝፍ አይታው አታውቅም። ትከሻው ሸሚዙን መሙላት ትቷል። አንገቱ ላይ ትንኞች ሲያርፉ እንኳ እጁን አያነሣም፤ መቅዘፊያውን እንደያዘ ነው። ምነው ባላየሁት አለች በልቧ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ምነው ቀደም ብዬ ባየሁት አለች።

ግን ማዘኑም ጊዜ ይፈልጋል፤ ታንኳው አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይላል። እሷ ስትመራ እሱም ከፊት ሆኖ ይመራል። የክላረንስ ያጎት ልጅ አልፍሬድ፣ ነገር የማያሳልፈው፣ ሐይቁን እንደ ልብስ በመርፌ እየሰፋችሁት ነው ወይ ብሎ በሩቁ ጠየቃቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«መምራቱን ተውልኝ» አለችው ሃቲ።

«እጄ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

«አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ከፊት ሆኜ መርቼህ አውቃለሁ?»

«ሁልጊዜ» አለ ክላረንስ። «በአፍሽ።»

አኩርፋ ቀዘፋዋን ቀጠለች። 

ምሳቸውን፣ ቂጣና የአጋዘን ቋንጣ፣ ደሴት ላይ በልተው ወደ ሰፊው ውሃ ሲወጡ ነፋስ ከግራ መጣ። ሃቲ ፈራች። ነገር ግን ታንኳው ሲያዘነብል ወገቧ ቀድሞ አወቀው። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ባሏ ከኋላ የሠራውን በዓይኗ ባታየውም በመቀመጫዋ ስትማረው ኖራለች። መቅዘፊያዋን ገልበጥ አድርጋ ገፋች፤ ታንኳው ቀጥ አለ። ክላረንስ ወደ ኋላ አልዞረም፤ ትከሻው ግን ላላ ሲል አየችው። ከዚያ በኋላ ከፊት መምራቱን ተወ።

ጥቂት እንደሄዱ መቅዘፊያው ጉልበቱ ላይ ተጋደመ። አንገቱ ደፋ አለ።

ጠራችው። አልመለሰም። ደግማ ጠራችው። ብትነሣ ታንኳው ይገለበጣል፤ ባሏ ከፊቷ አለ፣ እጇ ግን አይደርስበትም።  በዚህ መሃል ማንኮራፋቱ ተሰማ።

እየሳቀች አለቀሰች። ይህ ሰው በታንኳ ላይ ተኝቶ አያውቅም፤ ከኋላ ያለ ሰው አይተኛማ። እንዳይነቃባት መቅዘፊያዋን ከታንኳው ጠርዝ ሳታጋጭ፣ ቀስ እያለች ቀዘፈች። አልፍሬድ ተጠግቶ አያቸው። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አልፍሬድም የመጣችለትን ቀልድ ዋጣትና የራሱን ታንኳ በነፋሱ በኩል አዙሮ፣ እየከለላቸው አብሯቸው ሄደ። እንዲህ ሆነው አንድ ሰዓት ሙሉ ተጓዙ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ፒክአፑ ቆሟል። ድንኳን ተተከለ፣ ሻይ ተፈላ። ጁልየት መጣችና እንዴት ዋላችሁ አለች፤ ዓይኗ እንደልማዷ ክላረንስ ላይ ነበር። ወዲያው ግን ወደ ሃቲ ዞረች። በነሱ ወግ ስለ ታንኳው የሚመልሰው ከኋላ የተቀመጠ ነው። ሃቲ ይህን ረስታው ነበር። ደህና ዋልን ብትል የሚቃወማት የለም፤ አልፍሬድ እንደሆነ አፍንጫውን ኩባያው ውስጥ ቀብሯል። ነገር ግን ከፊታቸው ታንኳ የሚገለብጥ ፈጣን ውሃ አለ። እውነቱን ብትናገር ደግሞ መኪናው አለ። ክላረንስ መሬት መሬት ያያል።

«ጠዋት ተጣላን» አለች ሃቲ። «ከሰዓት ተኛ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ብቻዬን ቀዝፌ ክንዴ አልቋል።»

 ጁልየት ወደ መኪናው አየት አደረገች።

«ነገም እንሄዳለን» አለች ሃቲ። «ግን ከምሳ በኋላ እሱ ይተኛል፤ እናንተም ቆማችሁ ትጠብቁናላችሁ። ፈጣን ውሃ ያለበትን በዳር በእግሩ ያልፋል። ይህ ካልሆነላችሁ አሁኑኑ ንገሩኝና ሁለታችንም እንመለስ።»

ጁልየት አሰበች። እናቴም በእርጅናዋ የቀን እንቅልፍ ትወድ ነበር አለች በመጨረሻ፤ እንቅልፍ ማንንም አልገደለም። ከዚያ አጎቷን ጠየቀችው፦ «እርስዎስ፣ አጎቴ? ይስማማዎታል?»

ክላረንስ ቀና አለ። ኩሩ ሰው ነው፤ በእግሩ ማለፍ የሚባለው ነገር እንዳመመው ፊቱ ላይ ይታያል።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አላት። «ከኋላ ያለችው ተናገረች እኮ።»

ፒክአፑ ባዶውን ተመለሰ። ክላረንስም የሚስቱን ክንድ በደህናው እጁ ይዞ፣ እሳቱ ዳር እንደተቀመጡ ያሽላት ጀመር።

እንግዲህ ይኸው ነው ልጆቼ። የምትወዱት ሰው ሲደክም ያያችሁ ቀን፣ እውነቱን ተናግራ ባሏን ያልጣለችውን ሃቲን አስታውሱልኝ። አደራ።