የገንዳው ከብቶች

ባለቤቴ ከብት አርቢ ነው። ከብቶቹ ግን በዓይን አይታዩም። ከመንደራችን በታች ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ፣ በትልቁ የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ሆነው የአርባ ቤት እድፍ እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩ ጀርሞች ናቸው። ሞተሩ ቀን ከሌት አየር ይነፋላቸዋል። ባሌ ከአልጋ ሲወርድ በቀጥታ ወደ እነሱ ሄዶ "እንዴት አደራችሁ?" ይላቸዋል። ለእኔ "ደህና አደርሽ" የሚደርሰኝ ለቁርስ ሲመለስ ነው፤ ያውም ካልረሳ። አሥራ ሰባት ዓመት በጀርም ስቀና ኖርኩ ብል ማን ያምነኛል?

በየዓመቱ ውሃውን የምትፈትሸው ተቆጣጣሪ ዘንድሮ ልትመጣ አሥር ቀን ሲቀራት ሰውዬውን እህል አልወርድ አለው። አምና ውሃው ፈተናውን ያለፈው ለጥቂት ነው። አሁን ከወደቀ ማጣሪያው ይዘጋል፣ እሱም ቤቱ ይቀመጣል። ቤት ከተቀመጠ ደግሞ የሚነተርከው እኔን ነው። በቀልድ አወራሁት እንጂ ነገሩ አንጀቴን በልቶታል።

ልርዳው ብዬ ተነሳሁ። ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ "እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጸዳም? ቧንቧችንንም እናጽዳላት እንጂ!" አልኩ። እሑድ ከሰዓት ሁሉም በየቤቱ ሁለት ሁለት ጠርሙስ በረኪና ደፋ። እኔ የባለሙያው ሚስት ነኝና ሦስት ደፋሁ።

ሰኞ ጠዋት ባሌ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ።

"አለቁ" አለ።

"እነማን?"

"ከብቶቼ ናቸዋ! ገንዳው ግራጫ ሆኗል። የሚሸተው በረኪና ብቻ ነው። ይሄን መንደር ምን ነካው?"

ዝም ማለት እችል ነበር። ከአርባ ቤት ማን ማንን ይጠይቃል? ግን እንደዚያ ወንበር ጫፍ ላይ ኩምትር ብሎ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "ሁሉንም ያስደፋሁት እኔ ነኝ። ውሃው እንዲጠራልህ ብዬ።"

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ከብቶቼን ልታጥቢልኝ ብለሽ ቀቀልሻቸው" አለኝ ቀስ ብሎ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው፤ በሕይወት ያሉ ጀርሞች የሞሉበት ዝቃጭ ከሌላ ማጣሪያ አምጥቶ ገንዳው ውስጥ መገልበጥ። ቅርብ ያለው የታችኛው መንደር ማጣሪያ ነው፤ ሠራተኛው ታላቅ ወንድሜ። እሱና ባሌ የማን ከብት ይበልጣል በሚል ተጣልተው ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ባሌ "ብሞት አልለምነውም!" አለ። እኔው ሄድኩ።

ወንድሜ እስኪበቃው ሳቀ። "ያ ጉረኛ! የእሱ ዘር ምርጥ አልነበር እንዴ?"

"ወንድም ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሥራው ከወጣ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።"

ሳቁን አቆመ። "በይ አታልቅሺ፣ እሰጣለሁ። ግን የእኔዎቹ እንደሚበልጡ በተቆጣጣሪዋ ፊት በአፉ ይናገር።"

በዚያው ቀን የወንድሜ ቦቴ መኪና ቡናማ ዝቃጭ ጭኖ መጣ። ባሌ የወንድሜን ቃል ስነግረው ጥርሱን ነክሶ ቧንቧውን ያዘ። ሳምንቱን ገንዳው ዳር ዋለ። ዓርብ ውሃው ቀለሙን መለሰ።

ተቆጣጣሪዋ በቀጠሮዋ ሰኞ መጣች። የተጣራው ውሃ ከሚጠራቀምበት ኩሬ ቀድታ ለካች፣ መልሳም ለካች።

"ከአምናው በጣም ይሻላል። ምን አደረጉለት?" አለችው።

ባሌ አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ አጥር ተደግፎ ወደቆመው ወንድሜ ተመለከተ።

"ከብቶቹ ከሚስቴ ወንድም የመጡ ናቸው" አለ። "ከእኔዎቹ ይበልጣሉ።"

ስለ በረኪናው ትንፍሽ አላለም።

"ድገመው፣ አልሰማሁም!" አለ ወንድሜ ከአጥሩ። ተቆጣጣሪዋ እየሳቀች "አልፏል" ብላ ፈረመች።

በማግሥቱ ጠዋት ባሌ ከአልጋ ወርዶ በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለና ዞረ።

"ደህና አደርሽ?" አለኝ። ከከብቶቹ በፊት! ዓይኔ እንባ ሞላ። እኔ እንባዬን ስጠርግ፣ እሱ ጓዳ የቀረችኝን የመጨረሻ የበረኪና ጠርሙስ በብብቱ ሸጉጦ ወጣ።