የካዝናው ዝምታ

«መጋዙ» የሚሉት የፊልም ሐያሲ ፊልም ማድነቅ የሚያመው ሰው ነው ይባላል። በጋዜጣ ብዕሩ ስንቱን ዳይሬክተር ከሥሩ እንደገነደሰ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አዲስ የወንጀል ፊልም የሠራች አንዲት ዳይሬክተርም የቅዳሜውን ጋዜጣ የገለጠችው አንድ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«የድሮ የፈረንሳይ ወንጀል ፊልሞችን እወዳለሁ እያለ ካፖርትና ባርኔጣ የሚከራይ ሞልቷል» ይላል ጽሑፉ። «ይህች ልጅ ግን ልብሱን ብቻ ሳይሆን ትዕግሥቱንም ወርሳለች። ዝናቡ፣ ግራጫው ግድግዳ፣ ሲጋራውን ሳይለኩስ የሚጠብቀው ሌባ፣ ሁሉም ልክ ነው። ካዝናው ሲሰበር ደግሞ ሙዚቃ የለም። ዝም። እንዲህ ያለ ድፍረት ካየሁ ቆየሁ።»

ደስ ሊላት ሲገባ ጋዜጣውን ከፊቷ ገፋችው። ድፍረት ብሎ ነገር አልነበረም። ለጋዜጠኞች የታየውን ኮፒ በጥድፊያ ስታወጣ የዚያን ትዕይንት ሙዚቃ ሳትጭን ቀርታ ነው። ሙዚቃውን የደረሰው ደግሞ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ፒያኖ እያስተማረ ለወግ ለማዕረግ ያበቃት ሰው። ከሥራው ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንኑ ነበር። ለጋዜጠኞች በታየ ቀን አጠገቧ ተቀምጦ እያየ ትንፍሽ አላለም።

ቤቱ ስትሄድ ፒያኖው ላይ የታጠበ ልብስ ያጣጥፋል።

«ጋሼ፣ አነበብከው?»

«አነበብኩት። ጥሩ አድርጎ ጽፏል።»

«ሕዝብ ከማየቱ በፊት ሙዚቃውን እመልሰዋለሁ። መጋዙ የፈለገውን ይበል።»

«ተይ እንጂ፣ ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «ለማንኛውም ፊልሙን ተይልኝ፤ እኔው አስተካክዬ እልከዋለሁ።»

ምን ሊያደርግ እንደሆነ አልጠየቀችውም። ሙዚቃው ቢመለስ ሙገሳው ይቀራል፤ ባይመለስ ወንድሟ ይጎዳል። የትኛውንም በአፏ ማዘዝ አልሆነላትም።

ፊልሙ ለሕዝብ በተከፈተበት ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። መጋዙም እንደገና መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ አንድን ፊልም ሁለቴ ሲያይ ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሌባው ጆሮውን ካዝናው ላይ ለጠፈ። ዝም። ፈንዲሻ የሚቆረጥመው ሁሉ መንጋጋውን ገታ። ዳይሬክተሯ ሙዚቃው አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለች የወንበሩን ክንድ ጨመቀች።

አልመጣም። የካዝናው በር ሸርተት ብሎ ሲከፈት ብቻ አንዲት የፒያኖ ድምፅ፣ ወፍራምና ረጅም፣ ከታች ተነስታ አዳራሹን ሞላችው። ሕዝቡ አንድ ላይ ተነፈሰ። ወንድሟ ከዚያ ሁሉ ድካሙ ያስቀረው ያችን አንዲት ድምፅ ብቻ ነበር።

ዞር ብላ ብታይ፣ ከኋላ በሩ ጋ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኗል። እንባዋ መጣ።

መጋዙ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ይቺ ድምፅ ባለፈው አልነበረችም። ማን ጨመራት?»

«ወንድሜ» አለችው። «ዝምታውም የሱ ነው።»