ድንኳኑ እስኪነሳ

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ወይኒ ከፍራሹ ላይ ብድግ አለች። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ለቀስተኛ ሴቶች ደነገጡ። ሐዘንተኛ እንዲህ በድንገት ሲነሳ ወይ ደረቱን ሊደቃ ነው ወይ ራሱን መሬት ላይ ሊጥል ነው። ጎረቤቷ አዳነች ፈጥና የነጠላዋን ጫፍ ያዘቻት።

«ምን ፍለጋ ነው?»

«ሳፋውን ላምጣ፤ ሊያፈስ ነው።»

«ኧረ ቁጭ በይ! ድንኳኑ አለ እኮ።»

ወይኒ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። የተወጠረው አቡጀዲ በአምስት ክረምት ውሃ ቡናማ ቡናማ ካርታ ሠርቷል። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያንጠባጥበው መሐል ላይ ያለው ትልቁ ነው። ዛሬ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ዝናቡ ውጭ ይወርዳል፣ ቤቱ ደርቋል። እናቷ ወይዘሮ ለተክርስቶስ ከተቀበሩ ገና አንድ ቀን ሆኗቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶሮ ማነቂያ ያለው የእነወይኒ ግቢ ጠባብ ነው፤ አምስት ክፍል ቤት በአንድ መስመር ተደርድሮ ከፊቱ ትንሽዬ ደጅ ብቻ አለው። ትናንት ጠዋት የእድሩ ዳኛ አቶ እምሩ ድንኳን አሸክመው ሲመጡ የሚተከልበት ቦታ ጠፋ። ጎረምሶቹ ሲቸግራቸው ሸራውን ከወይኒ ቤት ጣሪያ ላይ አንስተው እስከ ማዶው አጥር ወጠሩት፤ ጣሪያው ላይ ድንጋይ ጫኑበት። የቀበሌው የቤቶች ኃላፊ አባይነህ ከታች ቆሞ ያይ ነበር።

«ጓድ፣ ይሄ ለቅሶ ነው ጥገና?» አለው ከላይ አንዱ።

የቀበሌ ቤት ላይ ያለፈቃድ አንዲት ሚስማር መምታት እንደሚያስጠይቅ የማያውቅ የለም። ለቅሶ ቤት ሆኖ ነው እንጂ ሳቁ አይቻልም ነበር። አባይነህ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ውስጥ ገባ።

ወይዘሮ ለተክርስቶስ አምስት ዓመት ደጅ ጠንተው ያጡት ደረቅ ጣሪያ በሞቱ ቀን ተገኘ።

ግቢውን የሠሩት እናቷ ነበሩ። ከአዲግራት መጥተው፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ነግደው፣ አንዱን ክፍል በአንድ ዓመት ሌላውን በሌላው እያሉ አምስት አደረሱት። አንዱን ኖሩበት፣ አራቱን አከራዩት። በስልሳ ሰባት የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ «አንድ ቤት ምረጡና አስመዝግቡ» ተባሉ። ሰው ሁሉ የተኛበትን ቤት ሲያስመዘግብ እሳቸው አዲግራት ያለውን የአባታቸውን ቤት አስመዘገቡ። «አዋጅ ነው፣ ያልፋል፤ የአባቴ ቤት ግን ካለፈ አይመለስም» አሉ። አዋጁ አላለፈም። የአዲግራት መንገድ በጦርነት ተዘጋ። እሳቸውም በገዛ እጃቸው ጭቃ ባስመረጉት ቤት የቀበሌ ተከራይ ሆነው ቀሩ።

ከዚያ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ማመልከቻውን የምትጽፈው ወይኒ ናት። አምስት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ስለሆነች ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሳያያት ትመታዋለች። ከሰዓት ደግሞ አለቃዋ የሚሰጧትን፣ ለሌላ አመልካች የሚላከውን መልስ ትመታለች፦ «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ስለሆነ በትዕግሥት እንዲጠባበቁ።» የቀበሌው ደብዳቤ ሲመጣ ሳትከፍተው በቃሏ ታውቀዋለች። እናቷ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ያስነብቧት ነበር።

«ምን ይላል?»

«ጠብቁ ይላል እማዬ።»

«እስከ መቼ?»

«እሱን አይልም።»

በየሐሙሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ ይሄዳሉ። አባይነህ ወንበር ያስመጣላቸዋል፣ «ቆርቆሮ ከበላይ አልመጣም እትዬ» ይላቸዋል፣ ይመለሳሉ። ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ ከአልጋው ራስጌ ያለው ግድግዳ አብጦ ወደ ውስጥ ገፋ። በሁለተኛው ሳምንት ሳል ጀመራቸው። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አለ። ስምንት ቀን አልሞላቸውም።

አሁን ወይኒ የቀራት ያ ግድግዳ ነው። ከወደቀ ቀበሌው ቤቱን «ፈራሽ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ከፈራሽ ቤት ተከራይ ይነሳል። ወዴት እንደሚነሳ ደግሞ ማንም ነግሯት አያውቅም። እናቷን በቀበረች ማግስት ቤታቸውንም ልትቀብር ነው።

አባይነህ በሁለተኛውም ቀን ማልዶ መጣ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሴቶቹ ጨዋታ ተቋረጠ። ንፍሮ የያዘው ሰሃን ወደ እሱ ሲደርስ አንዲት ሴትዮ ከኋላ «በቀሉን ተወጥቶ ደግሞ ንፍሯቸውን ይበላል» ብላ ሹክ ስትል ወይኒ ሰማች። እሱም ሳይሰማ አልቀረም፤ ንፍሮውን ሳይቀምስ ሰሃኑን አሳለፈው።

ዝናቡ አባርቶ ለቀስተኛው ሰዓት እላፊን ፈርቶ ሲበታተን፣ ወይኒ አዳነችን ይዛ አስቀረቻት።

«ምን በቀል ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አዱ፣ በእማዬ አጥንት።»

አዳነች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ሙት መውቀስ ይሆናል። አሁን እኔ የምኖርበት ቤት ድሮ የእሱ ነበር። ከእናትሽ ተከራይቶ። ሁለት ክረምት አፈሰሰበት አሉ። ሲነግራቸው ‹መስከረም ይጥባ› ይሉታል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ዝናብ የለም፣ ማን ያስታውሳል? በሁለተኛው ክረምት ሚስቱ ልጇን አቅፋ ደብረ ብርሃን እናቷ ዘንድ ሄደች። እስኪደርቅ ብላ ነው የሄደችው። በዚያው ቀረች።»

ወይኒ ነገሩን እያወቀችው እንደረሳችው ያን ጊዜ ገባት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። በር ሲንኳኳ እናቷ ከጓዳ ሆነው በእጃቸው ምልክት ይሰጧታል፤ እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ «እማዬ የለችም» ትላለች። ውጭ የቆመው ቀጭን ሰውዬ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ረጥቦ፣ «እሺ የኔ እናት፣ አባይነህ መጥቶ ነበር በያት» ይላል። እናቷ ሲሄድ ይስቁ ነበር፤ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

እናቷን ተቆጣች። ሙት እንዴት ይቆጡታል? ተቀምጦ መልስ አይሰጥ። ወዲያው ደግሞ በቁጣዋ አፈረች።

በማግስቱ፣ ሰልስት ነው፣ ከጊዮርጊስ ተመልሰው ሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጥ ወይኒ ቀጥ ብላ አባይነህ ፊት ቆመች። ሐዘንተኛ ከፍራሿ ተነስታ ወንዶቹ ዘንድ ስትመጣ ደስ አይልም፤ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ።

«ጋሽ አባይነህ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እማዬን የቀጧት ለድሮው ነው?»

አባይነህ ተነሳና ከሰው ራቅ ወዳለው የአጥር ጥግ ወሰዳት። ሸራው ላይ የቆየ ውሃ ከበላያቸው ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል።

«ግንቦት ላይ አራት ቆርቆሮ መጣ» አለ። «ለግቢው ሁሉ ስምንት ነበር የጠየቅኩት፣ አራት ላኩ። ከሁሉ የከፋው የእናንተ ነው። የእናትሽን ስም ጻፍኩና ራሴ ልነግራቸው መጣሁ። አንቺ ሥራ ነበርሽ።»

«ግንቦት? እማዬ ምንም አልነገረችኝ።»

«‹ለወይኒ እንዳትነግራት› ብለውኝ ነው። ‹አንተ የኖርክበት ቤት ይቅደም› አሉኝ። ‹እትዬ፣ እኔ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ፣ አሁን አዳነች ናት ያለችበት› ብላቸው፣ ‹ይሁን፤ አዳነችም ልጆች አሏት፤ ያ ጣሪያ ሳይሠራ የእኔ አይሠራም› አሉ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ኃላፊ ነኝ፣ ያየሁትን አይቻለሁ። ግን ደስ አለኝ ልጄ። ምን ልዋሽሽ፣ ደስ አለኝ። ቆርቆሮው ሲመታ ከመጀመሪያው ሚስማር እስከ መጨረሻው ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አራት ጊዜ ጽፌያለሁ። ለእኔም የሚመጣው ‹በመታየት ላይ ነው› የሚል ነው።»

ወይኒ የምትጮህበት ሰው ፈልጋ ነበር የወጣችው። አጣች። ፊቷ የቆመው ሰውዬ ፀጉሩ ሸብቷል፣ የኮቱ እጅጌ ተበልቷል፣ ዓይኑ ቀልቷል።

«እንግዲያው አንድ ነገር ያድርጉልኝ» አለችው። «ድንኳኑ እስከ ሰባቱ ይቆይልኝ። ግድግዳው ትንሽ ከደረቀ ይይዝ ይሆናል።»

አባይነህ ለአቶ እምሩ ሲያንሾካሹክ፣ ሽማግሌውም ሲያመነቱ፣ ኋላም ራሳቸውን ሲነቀንቁ ከሩቅ አየች። እሺ ብለዋል። ወይኒ ወደ ፍራሿ ተመለሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጭልፋ ሾርባ ቀመሰች፤ አዳነችም «ተመስገን» አለች።

አንድ ሰዓት አልቆየም። ከታች በኩል የእድር ጥሩንባ ተነፋ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን አቀና። ጥሩንባ ነፊው ስም ሲጠራ የሞተው ዳቦ ጋጋሪው ሐድጉ መሆኑ ተሰማ። አቶ እምሩ በበሩ ጎንበስ ብለው ገቡና ከወይኒ ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ደንቡ ሦስት ቀን ነው። እስከ ሰባቱ ብዬሽ ነበር። አሁን ግን የሐድጉ ሬሳ ገና ቤቱ ውስጥ ነው፣ ሰዉ ውጭ ቆሟል፣ ሰማዩም እንደምታይው ነው። ያለን ድንኳን ይኸው አንድ ነው። ይቆይ ካልሽ አስቆየዋለሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ የሚናገርሽ የለም።»

ሁሉም ወይኒን አየ። የሐድጉ ሚስት ትናንት እዚሁ፣ ከአጠገቧ ተቀምጣ ስታለቅስላት ነበር። ዛሬ ደግሞ ተራው የእሷ ነው። ወይኒ የራስጌውን ግድግዳ ተመለከተች።

«ውሰዱት» አለች።

«ተባረኪ» ብለው ሽማግሌው እጇን ሳሙ።

ጎረምሶቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ድንጋዩን ማንሳት ጀመሩ። ሸራው ሲጎተት የቋጠረው ውሃ ደጁን አጥለቀለቀው። በዚያ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል። አባይነህ የገመዱን ጫፍ ይዞ ሲጠቀልል ቆየና ከወይኒ ፊት ቆመ።

«ሰኞ እንደገና እጽፋለሁ።»

«ረቂቁን ይስጡኝ» አለችው። «እኔ እመታልዎታለሁ።»

ድንኳኑን ስድስት ሰው ተሸክሞት ቁልቁለቱን ሲወርድ እሱም ከኋላ ተከተለ። ለቀስተኛውም ገሚሱ ወደ ሐድጉ ቤት ሄደ፤ ሞት ተራ አይጠብቅም።

ዝናቡ ወረደ። መጀመሪያ መሐል ያለው ካርታ ጨለመና ጠብ አለ፤ ከዚያ ጥግ ጥጉ። ሴቶቹ ፍራሹን ከወዲህ ወዲያ ጎተቱት፣ ደረቅ ቦታ ግን አልተገኘም። አዳነች ወይኒን ብብቷን ይዛ አስነሳቻት።

«ነይ እኔ ጋ ግቢ። የኔ ቤት አያፈስም።»

ይህን ብላ ደነገጠችና ከንፈሯን ነከሰች። አራቱ ቆርቆሮ ከየት እንደመጣ ማወቋን ወይኒ ከፊቷ አነበበች። ምን ትበላት? ትኑርበት እንጂ።

የአዳነች ክፍል ኮርኒስ የለውም፤ አዲሱ ቆርቆሮ ከማገሩ ላይ እንዳለ ይታያል። ዝናቡ ሲመታው ሰውና ሰው አይደማመጥም። ልጆቿ አልጋው ላይ ተደራርበው ተኝተዋል፣ ምንጣፉ ደርቋል፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ እንኳ አልተላጠም። ወይኒ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ከወዲያኛው ቤት አንድ ከባድ ነገር ቧ ብሎ ወደቀ። ቀጥሎ ጭቃው ሲንሸራተት ተሰማ። ሴቶቹ «እሪ» አሉ። አዳነች «ግድግዳው!» ብላ ነጠላዋን ጥላ ወጣች።

ወይኒ አልወጣችም። ሄዳ የምትይዘው፣ ደግፋ የምታቆመው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። እናቷ ናፈቋት፤ በሩን ያስዘጓት እናቷም፣ ቆርቆሮውን የሰጡት እናቷም፣ ሁለቱም። ጫማዋን አውልቃ ልጆቹን ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች አልጋው ላይ ቆመች። እጇን ዘረጋች፤ ጣሪያው ዝቅተኛ ስለነበር ደረሰችበት። መዳፏን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈች፣ የበሽተኛ ግንባር ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። ይቀዘቅዛል፣ ከላይ በሚወርደው ዝናብ ይንቀጠቀጣል፤ እጇ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አዳነች ተመልሳ ስሟን እስክትጠራት ድረስ እጇን አላወረደችም።