ከጀልባዋ የጎደለው ዘይት

ማቴዎስ የሞተር ዘይት ሰርቋል ተብሎ ከሥራ ሊባረር ሲል፣ ጀልባዋን እንድመረምር የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው፤ የቴክኒክ ኮሌጅ ጨርሼ ሆሳዕና ከተመደብኩ ገና ስምንተኛ ወሬ ነበር።

ጀልባዋ ከፎንቆ በታች በቦዮ ሐይቅ ላይ ክትባትና የወባ መድኃኒት ታመላልሳለች። ማቴዎስ ሰባት ዓመት ነድቷታል። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ዘይት ይጠይቃል፤ ዘይቱ ግን የት እንደሚገባ አይታወቅም። የጤና ጥበቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው አቶ ሰይፈሥላሴ ሁለት ጊዜ መካኒክ ልከው አስመርምረዋል። ሁለቱም የጀልባዋን ወለል እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ሆኖ አገኙት። በዚያ ላይ የፎንቆ ሰዎች፣ ማቴዎስ ከሥራ ሲወጣ ጣሳ ተሸክሞ ዳገቱን እንደሚወጣ መሰከሩበት። አቶ ሰይፈሥላሴ በባዶ አልጠረጠሩትም። በቦታቸው ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር።

«ታፈሳለች ወይስ አታፈስም? የምፈልገው ይህን ብቻ ነው» አሉኝ።

«ሦስት ቀን ይስጡኝ።»

«ለአንዲት ሞተር ሦስት ቀን? እናንተ ኮሌጅ የገባችሁ ልጆች ዳቦ ስትቆርሱም በማስመሪያ ነው?» ብለው ሳቁ። ሦስቱን ቀን ግን ፈቀዱልኝ።

ማቴዎስ ሐይቁ ዳር ጠበቀኝ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በሳሙና የተፈተገ ሰው ነው።

«ወንድሜ አክሊሉ፣ ዘይቱን ምን አደርገዋለሁ? ጎመን ልሠራበት?» አለኝ።

«ጣሳውስ?»

ጣሳውን አምጥቶ አሳየኝ። በውስጡ ያለው ዘይት የተቀላቀለበት ጥቁር ውሃ ነው። ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከጀልባዋ ሆድ የቀዳውን ውሃ ሐይቁ ውስጥ ደፋው። የዳርቻው ሽማግሌ አቶ ጠና ከብቶቻቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወርደው ነበር፤ ከብቶቹ ዘይቱ ሸቷቸው ሳይጠጡ ተመለሱ። አቶ ጠና መጥተው፣ «ልጄ፣ ይህን ነገር ከውሃችን አርቅልን» አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወለሉን በጨርቅ እያደረቀ፣ የጨመቀውን በጣሳ ወደ ዳገቱ ይዞ ይወጣና ምስጥ እንዳይበላው በአጥሩ እንጨቶች ሥር ያፈሰዋል።

ማስረጃውን በየቀኑ በገዛ እጁ ጠርጎ ሲጥል ኖሯል።

በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን በነጭ ጋዝ አጠብነው፤ ሲደርቅም ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ጠመኔ ፈጭቼ ነሰነስኩበት። ዘይት በወጣበት ቦታ ጠመኔው ይጠቁራል። ጀልባዋን ዳር ላይ እንደታሰረች አንድ ሰዓት አስነሳናት። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ማቴዎስ ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ አየው።

በሁለተኛው ቀን እስከ ወዲያኛው ዳር ሄደን ተመለስን። ከሞተሩ በስተኋላ፣ ከታች በኩል፣ የጥፍር ያህል ቦታ እርጥብ ሆኗል።

«አየህ? አየህ ወይ!» አለና ክንዴን ያዘኝ።

አየሁ። እዚያ ቦታ ውስጥ፣ መካኒኮች ፓራኦሊ የሚሉት ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት አለ። ተበልቷል ብዬ ገመትኩ፤ ግምት ብቻም አልነበረም። ነገር ግን ስናጥበው የተረፈ ጠብታ ሊሆንም ይችላል።

«ነገ በጭነት እሞክራታለሁ። ያኔ እርግጡን እጽፋለሁ።»

«ዛሬ ጻፍ። ‹ይመስላል› ብለህ ጻፍ።»

«‹ይመስላል› ብዬ ብጽፍ ነገ ይጥሉታል፤ ለአንተም አይበጅህም።»

«አንተ ነገ ትላለህ» አለ ክንዴን ለቅቆ፤ «እኔን ሽማግሌዎቹ ከአቶ ሰይፈሥላሴ ጋር ሊያስታርቁኝ ነገ ጠዋት ነው የጠሩኝ።»

ሽምግልናው እንደማይጎዳው አስቤ አበረታታሁት።

በሦስተኛው ቀን አሸዋ የሞላባቸውን ጆንያዎችና አራት ሰዎች ጭኜ ያለ ማቴዎስ ነዳሁ። ጀልባዋ ስትከብድ ኋላዋ ሰመጠ፣ አፍንጫዋ ተነሣ፤ ዘይቱም ወደ ኋላ አጋደለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ወረደ። ሁለቱም መካኒኮች ባዶዋን፣ ቀጥ ብላ በቆመችበት ነበር ያዩዋት። እዚያው ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩና ወደ ፎንቆ ወጣሁ።

ሽምግልናው አልቆ ሰዎቹ ከጸሎት ቤቱ ግቢ እየወጡ ነበር። አቶ ሰይፈሥላሴና ማቴዎስ ተቃቅፈው ሲሳሳሙ ደረስኩ። አቶ ጠና ደስ ብሏቸው፣ «አለቀ! ታረቁ!» አሉኝ።

«በምን ታረቁ?»

«ወሰድኩ አለ፤ እሳቸውም ማሩት። ጸሐፊው ጻፈው፣ ማቴዎስም ፈረመ።»

«ጣሳው ምን እንደያዘ እርስዎ ያውቁ የለም? ያዘዙት እርስዎ አይደሉም?»

አቶ ጠና እንደ ሕፃን አዩኝ። «አውቃለሁ። ምስክር ቢሉኝ እመሰክር ነበር። ምስክር ከቆመ ግን ሙግት ነው፤ በሙግት አንዱ ይረታል፣ ዕርቅ የለም። እኛ ዘንድ አንዱ በደልኩ ይላል፣ ሌላው ማርኩ ይላል፤ ሁለቱም ቤታቸው ይገባሉ።»

ወረቀቴን ለአቶ ሰይፈሥላሴ ሰጠኋቸው። ሳይቸኩሉ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ጥሩ ሥራ ነው። ቀለበቱ ይታዘዛል» አሉ።

«ማቴዎስስ?»

«እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ስሜዋለሁም። የፈረመው ወረቀት ግን የመንግሥት ነው፤ እሱን መሳም አልችልም።»

«እኮ ዘይቱን አልሰረቀም!»

«ሰውየው ራሱ ወሰድኩ ብሏል። ከእሱ በላይ ልታውቅለት ነው?» አሉ። የተናደዱም አይመስሉም ነበር። «ትናንት አምጥተኸው ቢሆን እሺ፤ ግማሽም ቢሆን ይዤው ሽምግልናው ላይ እቀመጥ ነበር።»

በሳምንቱ ማቴዎስ በገዛ ቃሉ ከሥራ ተሰናበተ። በወሩ ቀለበቱ መጥቶ እኔው ገጠምኩት። አዲሱ ነጂ ከጀልባዋ ሆድ የሚቀዳውን ውሃ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይደፋል።

ለአውራጃው ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም።

ከዓመት በኋላ ማቴዎስን ጃጁራ ገበያ አየሁት። በሌብነት ስሙ የተነሣ ሞተር የሚያስነካው ሰው ስላጣ የቃጫ ገመድ ይሸጣል። ሰላምታ ሰጠሁት፤ ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ፣ የእናቴን ጤና ጠየቀ።

ከዚያ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «በስንተኛው ቀን አወቅህ?»

ሦስተኛው ልለው አፌን ከፈትኩ።

«በሁለተኛው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴትዮ ገመድ ልትገዛ ቆማ ነበርና፣ ወደ እሷ ዞሮ በክንዱ ይለካላት ጀመር።